«ስብራቱ ድኗል» ከተባልን በኋላ፦ ስለ እግር የነርቭ ሕመምና ስለ አጥንት መሳሳት

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ሳምንታዊ ሐተታ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

 

በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የሳምንቱን ፖለቲካ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ እሱን ለባልደረቦቼ ትቼ ስለ እግር ላወራችሁ ነው። አትሳቁ፣ ስለ እግር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ባልደረባዬ በቀጥታ ስርጭት ላይ «እሱ እኮ ከጠረጴዛው ሥር ግራ እግሩ ባዶውን ነው፤ ጫማ አያደርግም» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም «የነርቭ ሕመም አለብኝ» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደረሰኝ መልእክት ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም ተናግሬ ከደረሰኝ ይበልጣል። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ እህት፣ ታክሲ የሚነዳ ወንድም፣ ቤሩት በሰው ቤት ስትሠራ ወድቃ እግሯ የተሰበረ ልጅ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር፤ የሁሉም አቤቱታ አንድ ነው። «እግሬ ያቃጥለኛል፤ ሐኪሙ ምንም የለብህም ይለኛል፤ ቤተሰቤም አያምነኝም።»

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ ሕመም ጋር ስኖር ግን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ስለ እሱ የተጻፈ ያገኘሁትንም ሳላነብ አላለፍኩም። ዛሬ የምነግራችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ እንጂ በሐኪማችሁ ፈንታ አትያዙት።

የእኔ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከመሰላል ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። በጀሶ ታሰረ፤ ሳምንታት ቆይቶ ተፈታ፤ ራጅ ተነሣሁና «ስብራቱ ድኗል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ አጥንቱ ገጥሟል። እግሩ ግን የእኔ እግር አልመስል አለኝ። ማታ አንሶላ ሲያርፍበት ፍም የተደፋብኝ ያህል ነው። ጠዋት እንደ ምድጃ ይግላል፣ ከሰዓት በረዶ ይሆናል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ግራው እግር ሲያልበው ቀኙ ደረቅ ነው። የጣቶቼ ጥፍር እንኳ አስተዳደጉ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ብናገር፣ የመጀመሪያው ሐኪም ኮምፒዩተሩን እያየ «ራጁ ጥሩ ነው፤ ምናልባት ወደ ሥራ መመለሱ ከብዶህ ይሆናል» አለኝ። ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ሸኘኝ። ሦስተኛዋ ናት ሁለቱንም እግሮቼን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ዳሳ፣ ሙቀታቸውን በእጇ ጀርባ ለክታ፣ «ይህ ስም አለው» ያለችኝ። እስከዚያ ድረስ ሰባት ወር አልፏል።

ስሙ ረጅም ነው፤ ኮምፕሌክስ ሪጅናል ፔይን ሲንድሮም ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት ሲ አር ፒ ኤስ። በአማርኛ «በአንድ የአካል ክፍል ላይ የሚሰፍር ውስብስብ ሕመም» ብንለው ያስኬዳል። ስሙን ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሕመሙ ግን አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሳይላስ ዊር ሚቸል የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ነርቫቸው በጥይት የተመታ ወታደሮችን ያክም ነበር። ቁስላቸው ከዳነ በኋላ እጃቸውና እግራቸው እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው ሰዎች አጋጠሙት። ሕመሙን ለማብረድ ጨርቅ አርጥበው የሚጠቀልሉ፣ ጫማቸው ውስጥ ውሃ የሚያፈሱም ነበሩባቸው። ሚቸል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጻፈ። ልብ በሉ፣ አድዋ ገና 32 ዓመት ይቀረዋል። ያኔ የተጻፈውን ሕመም ነው ዛሬ በዘመናዊ ሆስፒታል «ከጭንቅላትህ ነው» የምንባለው።

ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው። ስብራት፣ ወለምታ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም በጀሶ ረጅም ጊዜ መታሰር። ጉዳቱ ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ግዙፍ ሊሆን ይችላል፤ ሰው እንዳያምነን የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ከእግር ይልቅ እጅ ላይ ይበዛል። ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ሳይንሱም ጨርሶ አልፈታውም።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። እኔ ይህን ሕመም ለልጆቼ ያስረዳሁት በዚህ ነው። ነርቭ የቤት ውሻ ነው። ጅብ ሲመጣ ሊጮኽ ይገባዋል፤ ስብራቱ ጅቡ ነው። ጅቡ ከሄደ በኋላ ግን ውሻው ዝም አላለም። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል፣ ነፋስ ሲነፍስ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ሲገባም ይጮኻል። ካልሲ ሲነካው «እሳት!» ይላል። ጩኸቱ ውሸት አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ይባስ ብሎ የተቆጡት ነርቮች ራሳቸው ወደ ሥጋውና ወደ ደም ሥሩ ኬሚካል ይረጫሉ፤ እብጠቱም፣ ሙቀቱም፣ የቀለም ለውጡም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ቀለም ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሕክምና መጻሕፍት «እግሩ ይቀላል» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እንደዚያ አይታይም። ይጠቁራል፣ ይወይባል፣ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ወይም ያብረቀርቃል። በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ «ከሌላው እግሬ ጋር አስተያዩልኝ» በሉ። ይህ ሕመም በደም ምርመራ አይገኝም፤ ሐኪም አይቶና ዳሶ፣ ሁለቱን እግር አነጻጽሮ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑን አረጋግጦ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ አጥንቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፓውል ሱዴክ የሚባል ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ራጅ ከተፈለሰፈ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አጥንት በራጅ አየ። አጥንቱ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያለ ሳስቶ አገኘው። እስከ ዛሬ በአውሮፓ ያሉ አረጋውያን ሐኪሞች ሕመሙን በእሱ ስም ይጠሩታል።

አጥንት ድንጋይ ይመስለናል እንጂ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ነገር ነው። የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ የሚገነቡ ሴሎች አሉ። ገንቢዎቹ ሥራ የሚይዙት ጭነት ሲሰማቸው ነው፤ ስንቆም፣ ስንራመድ፣ ስንረግጥ። ጭነት ከሌለ አፍራሾቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። ጠፈር ላይ የሚቆዩ ጠፈርተኞች ክብደት ስለሌላቸው ከዳሌያቸው አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ያጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ተመርጠው የሄዱ ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ በየቀኑም ስፖርት ይሠራሉ። የእኛ እግር በሽቦ አልጋ ላይ ተሰቅሎ ወራት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። በዚህ ላይ የነርቮቹ ቁጣ ራሱ አፍራሾቹን ያበረታል።

በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። የብዙዎቹ ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን ነው፤ ብዙ ቀዳዳ፣ በቀጭን ግድግዳ የተያያዘ። አጥንት ሲሳሳ ዓይኑ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይቀጥናል። በስምንተኛው ወር ያነሣሁትን ራጅ ሐኪሟ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ስትሰቅልልኝ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው እግር አይመስሉም ነበር። ቀኙ ነጭ ነው፤ ግራው ግራጫ፣ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል።

እንግዲህ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስለሚያቃጥለን አንረግጥም። ስላልረገጥን አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሟል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ከዚያ ትንሽ ስንረግጥ ይበልጥ ያመናል። «ምንም የለብህም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ገብቶ እግሩን ሰቅሎ ይተኛል። ያለመታመን ዋጋው ቅሬታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። በሰባት ወር ውስጥ እኔ የከፈልኩት በአጥንት ነው።

የእኛ ባህል ደግሞ ተኛ ነው የሚለው። እናቴ ከጎንደር ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «ልጄ፣ አትርገጠው፤ አደራህን አትርገጠው» ነበር። ፍቅር ነው፤ እንዴት ብዬ ልቆጣት? ለታመመ ሰው ትራስ መደርደር፣ አጥሚት ማጠጣት፣ ከአልጋ እንዳይነሣ መጠበቅ የኛ መውደጃ መንገድ ነው። ለብዙ በሽታም ይጠቅማል። ለዚህኛው ግን መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መንካትና ቀስ ብሎ መርገጥ ነው። ይህን በስልክ ለእናት ማስረዳት ራጅ ከማንበብ ይከብዳል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዴት እንዳስጀመረችኝ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ይህን ነውና። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሩን አልነካችውም። በቁመት መስተዋት በሁለቱ እግሮቼ መካከል አቁማ፣ የታመመው ከመስተዋቱ ጀርባ ተደብቆ፣ ጤነኛውን እንዳንቀሳቅስና ምስሉን እንዳይ አደረገችኝ። አእምሮ ምስሉን የታመመው እግር አድርጎ ያየዋል፤ ያለ ሕመም ሲንቀሳቀስም ያያል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የተባለ ተመራማሪ እጃቸው ተቆርጦ «የሌለው እጄ ያመኛል» ለሚሉ ሰዎች ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። እቤቴ ከሴት ልጄ መኝታ ክፍል መስተዋት ወስጄ ስቀመጥ ልጆቼም ሳቁብኝ።

ቀጥሎ መዳሰስ መጣ። በጥጥ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ በፎጣ። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፣ ደጋግሞ። ከዚያ በሳፋ ውስጥ ምስር አድርጌ እግሬን እንድከት ነገረችኝ። ሩዝም ይሆናል፤ እኔ ቤት የነበረው ምስር ነው። እግሬ የምስር ፍሬ እስኪችል አምስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው መቆም የተጀመረው፣ እሱም በሚዛን። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ የታመመውን እግር አሳርፌ አምስት ኪሎ ብቻ እንድጫን፤ ሳምንት ቆይቶ ስምንት፤ ከዚያ አሥራ ሁለት። ቁጥሩ እዚያ ስላለ ጀግንነትም ፍርሃትም ቦታ የላቸውም። ደህና ቀን ሲመጣ ደግሞ ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት አለ፤ በማግስቱ ሦስት ቀን ያስተኛል። በደህናው ቀንም በመጥፎውም ቀን ያንኑ ያህል፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር። ዛሬ ሙሉ ክብደቴን እጥላለሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እሄዳለሁ። ሕመሙ አልጠፋም።

አሁን የምለውን በጥንቃቄ ስሙኝ፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁ። «መርገጥ ይሻላል» ያልኩት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል፣ ጭራሽ ሊጎዳችሁም ይችላል። ስኳር ለዓመታት የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሁለት ነገር ያመጣል፤ አንዱን ሰው ያቃጥለዋል፣ ሌላውን ያደነዝዘዋል። የደነዘዘ እግር ደግሞ ሳይታወቅ አጥንቱ ሳስቶ ሊሰባበር ይችላል። ሻርኮ በተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ይጠራል። ምልክቱ ከእኔው ጋር ይመሳሰላል፤ እግር ያብጣል፣ ይግላል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የለም። እዚያ ላይ መርገጥ እግሩን ቅርጹን ያሳጣዋል፤ ሕክምናው በጀሶ ወይም በልዩ ቦት አስሮ ክብደት ማንሳት ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ሆናችሁ አንድ እግራችሁ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ «አላመመኝም» ብላችሁ አትቆዩ፤ አትርገጡት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሁለት ተመሳሳይ እግሮች፣ ተቃራኒ ሕክምና። ከቴሌቪዥንም ከጎረቤትም ምክር ብቻ መውሰድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ከእኔም ጭምር።

ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ሌላ ችግር አለ፤ ቋንቋ። አማርኛ ለሕመም የታደለ ቋንቋ ነው። ያቃጥለኛል እንላለን፣ ይለበልበኛል እንላለን፣ እነዚህ አንድ አይደሉም። ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይደነዝዘኛል። ይነዝረኛል ሲባል ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነው፤ ይህ ለነርቭ ሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። ይቆረጥመኛል ሲባል ከአጥንት ውስጥ የሚመጣ ነው። እናታችን ይህን ሁሉ በአማርኛ በዝርዝር ስትናገር፣ ለማስተርጎም አብሯት የሄደው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደ ሐኪሙ ዞሮ «እግሯን ያማታል» ይላል። አለቀ። ሐኪሙም ለሚያም እግር የሚሰጠውን ይሰጣታል።

ልጁ ምን ያድርግ? አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ። እንግሊዝኛ ለሥራ የሚበቃችሁ እንኳ ብትሆኑ ጠይቁ፤ ይለበልበኛልን በእንግሊዝኛ እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ደግሞ «ነርቭ» ሲባል አትደንግጡ። በእኛ ዘንድ ነርቭ ማለት ቁጣ፣ ጭንቀት፣ አንዳንዴም እብደት ሆኖ ይሰማል። አንዲት ደዋይ «የነርቭ ሐኪም ጋ ሂጂ ስላሉኝ አብደሻል ያሉኝ መስሎኝ ቀረሁ» ብላኛለች። እዚህ ነርቭ የሚባለው ከጀርባ አጥንት እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው ሽቦ ነው።

ስለ መድኃኒት ብዙ አልልም። ተራዎቹ ማስታገሻዎች ለነርቭ ሕመም እምብዛም ናቸው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚሞክሩት ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ነው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፣ አገር ቤትም ይገኛል። በድብርት መድኃኒትነት ስለሚታወቅ ፋርማሲው ውስጥ ያለው የአገራችን ልጅ ክፉ ዓይን ቢያያችሁ አትፈሩ፤ በትንሽ መጠን ለነርቭ ይሰጣል። ሦስቱም እንቅልፍ ያመጣሉ። ታክሲና ከባድ መኪና የምትነዱ፣ ይህን ሳትነግሩት ሐኪማችሁ አያውቅም፤ ንገሩት። ለአጥንቱ ደግሞ አሌንድሮኔትን የመሰሉ የአጥንት አፍራሽ ሴሎችን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ፤ በዚህ ሕመም አጥንት ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ለአንዳንዱ ሰው ያስታግሳሉ። ክኒኑ በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆያሉ፤ ጉሮሮ ያቆስላልና። ጥርስ የምታስነቅሉ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በምርመራ ታይቶ ይታዘዛል። ፀሐይ በማያገኝ የሌሊት ፈረቃ የምንሠራ ጥቁር ሰዎች ቫይታሚን ዲያችንን ማስለካት አለብን፤ ይህ እግር ባያመንም ነው።

ወጌሻን በተመለከተ የምናገረው ብዙ ሰው ላያስደስት ይችላል። ወለምታ ያቃኑልንን እጆች አልረሳም፤ ስንቱ ገበሬ በእነሱ ቆሟል። ነርቩ የተቆጣ እግርን በቅቤ አሽቶ፣ ስቦ፣ ማስጮህ ግን ውሻውን በድንጋይ መምታት ነው። እንደዚሁም እግርን በበረዶ መዘፍዘፍ፤ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ለዚህ ሕመም ግን አይመከርም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ክኒኑን አታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ በራሱ ይጎዳል።

ወረቀት ደግሞ አለ። በሥራ ላይ የተጎዳችሁ፣ ጉዳቱን ለአሠሪያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የጊዜ ገደቡ እንደየስቴቱ ስለሚለያይ ዛሬ ነገ አትበሉ። ሥራ ጨርሶ ያቃታችሁ ከሆነ፣ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ይህን ሕመም እንዴት እንደሚመዝን እ.ኤ.አ. በ2003 መመሪያ አውጥቷል፤ ቁጥሩ ኤስ ኤስ አር 03-2ፒ ነው። ምልክቶቹ አንድ ቀን ታይተው ሌላ ቀን ሊጠፉ እንደሚችሉ መመሪያው ራሱ ይቀበላል። ስለዚህ እግራችሁ ባበጠበት ሰዓት፣ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አድርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑ ይመዘገባል። ቀጠሮው ቀን እግሩ ደህና መስሎ ይውላል፣ አመሉ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሺያንስ ለዚህ ሕመም ያዘጋጀው መመሪያ አለ፣ የ2018ቱን እትም ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ጥቀሱለት። ዐረብ አገር በሰው ቤት ላላችሁ እህቶች የምሰጠው ወረቀት የለኝም። እግሯ የተሰበረ ልጅ ጀሶው በተፈታ ማግስት ደረጃ እንድታጥብ በምትደረግበት ቤት «ቀስ ብለሽ በሚዛን ርገጪ» ማለት ያሳፍራል። ቢያንስ የሆስፒታል ወረቀታችሁንና የራጅ ፊልማችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ለቤተሰብ ላኩ፤ አገር ስትገቡ ከዜሮ አትጀምሩም።

ለቤተሰብም ቃል አለኝ። ይህ ሰው ትናንት ሰርግ ላይ ቆሞ አይታችሁት ዛሬ አልነሣም ቢል አልዋሸም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ መቆም፣ መስጊድ ውስጥ በሱጁድ የእግር ጣትን አጥፎ መስገድ፣ እኛ የማናስተውላቸው ነገሮች ለእሱ ተራራ ናቸው። ወንበር ስጡት፤ ለምን እንደተቀመጠ አታስጠይቁት። ልቅሶ ቤት ሲገባ እግሩን ዘርግቶ ቢቀመጥ ነውር አታድርጉበት። ልጆች ሲሯሯጡ በእሱ በኩል ቁሙለት። እግሩን ለመንካት ስትፈልጉ መጀመሪያ ንገሩት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ወርሃዊው ገንዘብ ሲያንስ «ምነው ረሳኸን» ከማለታችሁ በፊት እግሩን ጠይቁት። ብዙዎች ለአገር ቤት ያልተናገሩት ገንዘቡ ሲቀር ምክንያት ያበጁ እንዳይመስልባቸው ነው።

ሌሊቱ ረጅም ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት የሚያስበውን እኔም አስቤዋለሁ፤ በአደባባይ የምናገረው ሌላው ብቻውን ያለ እንዳይመስለው ነው። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሣል። ሌላ አገር ያላችሁ የምታምኑትን አንድ ሰው ቀስቅሱ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይሻለዋል፣ በተለይ ቶሎ የተያዘለት። እኔ ከቀሩት መካከል ነኝ፤ እሱም ቢሆን ስድስተኛው ዓመት እንደ አንደኛው አይደለም።

ጥያቄ የላካችሁልኝን በሙሉ አንብቤአለሁ። ስለ ነርቭ ማደንዘዣ መርፌና በጀርባ ስለሚቀበረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የጠየቃችሁ አሉ፤ ሁለቱን ከሚሠራ ሐኪም ጋር ተቀምጠን ብንነጋገር ይሻላልና ቀጠሮ እየያዝን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተለመደው ርዕሳችን እንመለሳለን። ባልደረባዬም ከጠረጴዛ ሥር ማየቱን ያቆማል።